ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር በመጠነኛ ገንዘብ፤ ስለ ዕቃ አመራረጥ የቀረበ ትምህርት

ዘር የሚሸጥ ነጋዴ የገዢው መሬት ደጋ ወይም ቆላ መሆኑን ሳይጠይቅ አይሸጥም። ጨርቅ የሚሸጥም ነጋዴ ጨርቁ ለካፖርት ወይም ለሸሚዝ እንደሚውል አስቀድሞ ይጠይቃል። ኮምፒዩተር የሚሸጥ ነጋዴ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ገዢው ስንት ብር እንደ ያዘ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ገዢው ገንዘቡን፣ ነጋዴውም መልካም ስሙን የሚያጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በተለይም ወጣቶች በቤታቸው ለጨዋታ የሚፈልጉት ኮምፒዩተር ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመያዝ የሚበቃ መሣሪያ ለጨዋታ አይበቃም፤ ለጨዋታ ተብሎ የተገዛውም ቢሆን ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ካልተመዛዘኑ ከንቱ ወጪ ይሆናል። ባለ ብዙ ገንዘብ ቢሳሳት ሌላ መግዛት ይቻለዋል፤ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ግን ለስሕተት የሚያወጣው ትርፍ የለውም። ስለዚህ ይህ ትምህርት የሚመለከተው በመጠነኛ ገንዘብ የሚገዛውን ሰውና ለእርሱ የሚሸጠውን ነጋዴ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይቀርባል። አንድ አባት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላለፈ ልጁ ቃል የገባለትን ኮምፒዩተር ለመግዛት፣ ለሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ አንድ ሱቅ እንደ ሄደ ይታሰብ። ሻጩ በመስተዋት ኬዝ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ኮምፒዩተር አሳየውና «ኮር አይ ሰባት ነው፤ ራሙ 16 ጊጋባይት ነው፤ የጨዋታ ካርድም አለው፤ ፓወር ሰፕላዩ 500 ዋት ነው» አለው። አባትየውም ከፍሎ ወሰደ። ልጁ የእግር ኳስ ጨዋታውን ሲከፍት ሥዕሉ እየተቆራረጠ አስቸገረው። በሦስተኛው ሳምንትም ጨዋታው በመካከል ላይ ሳለ መሣሪያው በድንገት ጠፋ፤ ከኋላውም የተቃጠለ ነገር ሸተተ። አባትየው ወደ ሱቁ ቢመለስ ያገኘው መልስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ሆነ።

በዚህ ሽያጭ ውስጥ አስገራሚው ነገር ሻጩ አንድም የሐሰት ቃል አለመናገሩ ነው። ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ኮር አይ ሰባት ነበረ፤ ራሙም 16 ጊጋባይት ነበረ፤ ካርድም ነበረው፤ በፓወር ሰፕላዩም ላይ 500 ዋት የሚል ቍጥር ተለጥፎ ነበር። እንግዲህ ስሕተቱ የት ላይ እንደ ነበረ ክፍል በክፍል መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዕቃዎች የወጡባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ ከዕቃው በፊት ጥያቄው

ነጋዴው ዕቃ ከማሳየቱ በፊት አራት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል። የሚፈለጉት ጨዋታዎች የትኞቹ ናቸው? ስክሪኑ ምን ያህል ነው? ገንዘቡ ስክሪንን፣ ኪቦርድንና ማውስን ጨምሮ ነው ወይስ ለሣጥኑ ብቻ? ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘብ ሊጨመር ይችላል ወይስ አይችልም?

እንደ ዶታ 2 እና እንደ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ያሉት ጨዋታዎች በቀላል መሣሪያ ይሠራሉ። ሰፊ ከተማና ብዙ ሰው የሚያሳዩት አዳዲስ ጨዋታዎች ግን ብርቱ መሣሪያ ይፈልጋሉ። የስክሪኑም ነገር እንዲሁ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጠብጣቦች አሉት። በሴኮንድ 60 ሥዕሎች እንዲታዩ ቢፈለግ መሣሪያው በእያንዳንዱ ሴኮንድ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጠብጣቦችን ቀለም መስጠት አለበት። 2560 በ1440 የሆነው ስክሪን ደግሞ 3,686,400 ነጠብጣቦች ስላሉት ሥራው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በመጠነኛ ገንዘብ የሚገዛ ሰው በ1920 በ1080 ቢወሰን ከሁሉም ክፍል ወጪ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፤ የፕሮሰሰር ስምና ትውልድ

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩ አሳቢ ክፍል ነው። በገበያ የተለመደው ጥያቄ «ኮር ስንት ነው?» የሚል ነው፤ ይህ ጥያቄ ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ኮር አይ ሰባት የተባለው ስም ከ2008 ጀምሮ የኖረ ስም ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ብዙ ትውልድ አልፏል። ትውልዱን የሚያስረዳው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቍጥር ነው። አይ ሰባት 2600 ቢል የመጀመሪያው 2 ሁለተኛውን ትውልድ ያመለክታል፤ ይህም በ2011 የወጣ ነው። አይ ሦስት 12100 ቢል ግን 12ኛው ትውልድ ማለት ነው፤ ይህም በ2022 የወጣ ነው። ሁለቱም አራት ኮርና ስምንት የሥራ መሥመር ያላቸው ሲሆኑ፣ «ታናሽ» የሚባለው አይ ሦስት «ታላቅ» የሚባለውን አይ ሰባት በፍጥነት እጅግ ይበልጠዋል። ለአባትየው የተሸጠለት አይ ሰባት የሁለተኛው ትውልድ ነበረ።

የቆየ ፕሮሰሰር ችግሩ የፍጥነት ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ በተፈቀዱት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥም ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ያሉት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይገኙም። ቫሎራንትን የመሰሉ ጨዋታዎች በዊንዶውስ 11 ላይ ይህ ክፍል ከሌለ አይከፈቱም።

በመጠነኛ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 መልካም መለኪያ ነው። ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት የሥራ መሥመር አለው፤ በካርቶን ታሽጎ ሲሸጥም ማቀዝቀዣው አብሮት ስለሚመጣ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ከዚህ ያነሰ ገንዘብ ላለው ሰው አይ ሦስት 12100ኤፍ ይበቃዋል። ነገር ግን በኢንቴል ስም መጨረሻ ላይ ያለው «ኤፍ» የተባለው ፊደል ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የሌለው መሆኑን ስለሚያስረዳ፣ ያለ ግራፊክስ ካርድ ስክሪኑ ምንም ሥዕል አያሳይም። ራይዘን 5 5600ም እንዲሁ ነው። በ2021 የወጣው ራይዘን 5 5600ጂ ግን ግራፊክስ በውስጡ ስላለው፣ ካርድ ለመግዛት ገንዘብ ያልደረሰለት ሰው ቀላል ጨዋታዎችን እየተጫወተ ካርዱን በኋላ ሊጨምር ይችላል።

ሦስተኛ፤ ግራፊክስ ካርድ

በጨዋታ ኮምፒዩተር ከፍተኛው ወጪ መዋል ያለበት ለግራፊክስ ካርድ ነው፤ ሥዕሉን የሚሠራው እርሱ ነውና። እንደ ልማድ ከጠቅላላው ገንዘብ ከሢሶ የማያንሰው ለካርዱ ይመደባል። ለ1920 በ1080 ስክሪን በ2021 የወጣው ራዲዮን አርኤክስ 6600 ለዚህ ጽሑፍ እንደ ምሳሌ ይወሰዳል። 8 ጊጋባይት ማስታወሻ አለው፤ የሚፈጀውም ኃይል 132 ዋት ብቻ ስለ ሆነ ውድ ፓወር ሰፕላይ አይጠይቅም። በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንቴል አርክ ቢ580 ደግሞ 12 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ሲሆን፣ ሲወጣ የተነገረው ዋጋ 249 ዶላር ነበረ።

ነጋዴው በካርድ ንግድ ውስጥ ያሉትን ሦስት ወጥመዶች ማወቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ወጥመድ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ጂቲ 1030 የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ በ2017 ሲወጣ ጂዲዲአር 5 የተባለ ማስታወሻ ነበረው። በ2018 ግን በዚያው ስም ዲዲአር 4 ማስታወሻ ያለው ካርድ ወጣ። የመጀመሪያው በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ሲያመላልስ፣ ሁለተኛው የሚያመላልሰው 16.8 ጊጋባይት ብቻ ነው። በካርቶኑ ላይ በትንሽ ፊደል ከተጻፈው በቀር ልዩነቱን የሚነግር የለም። ለአባትየው የደረሰው ይህ ሁለተኛው ነበረ።

ሁለተኛው ወጥመድ ከማዘርቦርዱ ጋር የማይስማማ ካርድ ነው። በ2022 የወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ 4 ጊጋባይት ማስታወሻ ብቻ ያለው ከመሆኑም በላይ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት መሥመሮች ብቻ ነው። የአራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሲገጠም ጉድለቱ ብዙም አይታይም፤ በሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲገጠም ግን ፍጥነቱ በብዙ ጨዋታዎች በጉልሕ ይቀንሳል። ገንዘብ የሌለው ገዢ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አሮጌ ማዘርቦርድ ያለው እርሱ ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ ያገለገለ ካርድ ነው። የኢተሪየም ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የሚመረትበት አሠራር በመስከረም 15 ቀን 2022 በቀረ ጊዜ፣ ለዚያ ሥራ ሌትና ቀን ሲያገለግሉ የነበሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። ያገለገለ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሳይፈተን አይገዛም። ካርዱ በከባድ ጨዋታ ላይ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ ማራገቢያዎቹ ሁሉ ይዙሩ፤ ሥዕሉ ላይ እንግዳ ነጠብጣብ አይታይ፤ ሙቀቱም ይመዝገብ። ከዚህም ሌላ አሮጌ ካርድ ስሙ ተለውጦ እንደ አዲስ የሚሸጥበት ማታለል ስላለ፣ ጂፒዩ ዚ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የካርዱን እውነተኛ ማንነት ማየት ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ ማዘርቦርድና ራም

ማዘርቦርድ ሁሉንም ክፍሎች የሚያገናኝ ሰሌዳ ነው። ፍጥነትን አይጨምርም፤ ስለዚህ በመጠነኛ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ለጌጡ ሊከፍል አይገባውም። ዋናው ነገር መስማማቱ ነው። የፕሮሰሰሩ መሰኪያ ኤኤም 4 ከሆነ ማዘርቦርዱም ኤኤም 4 መሆን አለበት፤ ራሙም ዲዲአር 4 ይሆናል። ከ2022 ጀምሮ የወጣው ኤኤም 5 ደግሞ የሚቀበለው ዲዲአር 5 ብቻ ነው። የኢንቴል 12ኛ ትውልድ የሚገጠምበት ኤልጂኤ 1700 ግን እንደ ማዘርቦርዱ ዓይነት አንዱን ወይም ሌላውን ስለሚቀበል፣ ካርቶኑን ማንበብ ግዴታ ነው። የሁለቱ ራሞች ጎድጓዳ ምልክት የተለያየ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በኃይል ቢገፋ ይሰበራል። በአይ ሰባት 2600 ላይ ያለው ዲዲአር 3 ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይስማማም።

ባዮስ የተባለውም ነገር አይዘንጋ። ቢ450 የተባሉት የቆዩ ማዘርቦርዶች ራይዘን 5000ዎችን የሚያውቁት ባዮሳቸው ከታደሰ በኋላ ነው። ገዢው ይህን ሳያውቅ ቢገዛ ኮምፒዩተሩ አልነሣም ይላል፤ ዕቃው ግን ደኅና ነው። ነጋዴው ከመሸጡ በፊት ቢያድስለት የአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው።

ስለ ራም የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። 16 ጊጋባይት የሚፈልግ ሰው አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይግዛ። ዲዲአር 4 3200 የሆነ አንድ ራም በሴኮንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን 51.2 ይደርሳሉ። ግራፊክሱ በፕሮሰሰር ውስጥ ላለ ኮምፒዩተር ይህ ልዩነት እጅግ ብርቱ ነው፤ ምክንያቱም ግራፊክሱ የሚሠራው በዚሁ ራም ነው። አራት ቦታ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱ ራሞች አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቈጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ቦታ ይገባሉ። ከተገጠሙ በኋላም በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለው ካልተከፈተ፣ 3200 ተብሎ የተከፈለበት ራም በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሠራ ይኖራል። ብዙ ገዢዎች ይህን ሳያውቁ ዓመታት ያሳልፋሉ።

አምስተኛ፤ ማከማቻ

የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያህል ያነባል። ሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550 ሜጋባይት ይደርሳል፤ የሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ ደግሞ እስከ 3,500 ይደርሳል። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ በእርግጥ የሚሰማው ልዩነት ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲዛወር የሚገኘው ነው። ከአዳዲሶቹ ጨዋታዎች ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚይዙ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ የሚቻል ከሆነ 1 ቴራባይት ይመረጣል።

ኤም ነጥብ 2 የሚባለው ቀጭን ኤስኤስዲ በመልኩ አንድ ቢመስልም ሳታም ኤንቪኤምኢም ሊሆን ስለሚችል፣ ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል መመልከት ያስፈልጋል። ዋጋው ከገበያው እጅግ ዝቅ ያለና «2 ቴራባይት» የተባለ ማከማቻ ደግሞ ሊጠረጠር ይገባዋል። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ በተባለው ነጻ ፕሮግራም እስኪሞላ ድረስ ተጽፎበት ቢነበብ እውነተኛ መጠኑ ይታወቃል።

ስድስተኛ፤ ፓወር ሰፕላይና የመብራት ኃይል

የአባትየውን ገንዘብ ያቃጠለው ይህ ክፍል ነው። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት ይለውጣል። ሥዕሉን አያሳምርም፤ ጨዋታውንም አያፈጥንም፤ ስለዚህ ሻጭም ገዢም ቍጠባ ሲያስቡ እጃቸው የሚዘረጋው ወደ እርሱ ነው። ነገር ግን ሌላ ክፍል ቢበላሽ የሚበላሸው ራሱ ብቻ ሲሆን፣ መናኛ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

በላዩ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቍጥር ማመን አይገባም። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚመገቡት ከ12 ቮልት መሥመር ስለ ሆነ፣ በጎኑ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ላይ የዚህ መሥመር አምፔር ይነበብ። አምፔሩ በ12 ሲባዛ እውነተኛው ዋት ይገኛል። «500 ዋት» ተብሎ በ12 ቮልት መሥመሩ 20 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ለጨዋታ የሚሰጠው 240 ዋት ብቻ ነው። 38 አምፔር የሚሰጠው ግን 456 ዋት ይሰጣል። ለሒሳቡም ያህል፣ 132 ዋት ለካርዱ፣ 90 ዋት ለፕሮሰሰሩ፣ 50 ዋት ለቀሩት ክፍሎች ቢያዝ 272 ዋት ይሆናል። ካርዱ ለቅጽበት ከተለመደው በላይ ስለሚስብና በኋላም ሌላ ካርድ ሊጨመር ስለሚችል፣ በእውነት 500 ወይም 550 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ተገቢ ነው።

80 ፕላስ የሚለውም ምልክት ትርጉሙ ይታወቅ። ይህ ምልክት የሚያስረዳው ኃይል አለመባከኑን ነው። የነሐስ ደረጃ ያለው በግማሽ ሸክሙ ላይ 85 ከመቶ ስለሚደርስ፣ ከግድግዳው 300 ዋት ሲስብ 255 ዋት ለኮምፒዩተሩ ይሰጣል፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ምልክቱ መኖሩ መልካም ነው፤ የውስጥ ዕቃውን ጥንካሬ ግን ብቻውን አያረጋግጥም። ስለዚህ የታወቀ አምራችና የብዙ ዓመት ዋስትና ያለው ይመረጥ።

በኢትዮጵያ ለሚሸጡ ዕቃዎች ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ። ከኋላው ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ያለው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በ115 ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ወደ 230 ሳይዛወር በ220 ቮልት ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ሁለተኛ፤ መብራት በሚጠፋበትና በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ በዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቪኤ ግን ዋት ስላልሆነ፣ የዋቱ ቍጥር ለብቻው ይነበብ። ሦስተኛ፤ የመሬት መሥመር ያለው ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ሦስተኛው እግሩ ተቈርጦ መሰካት የለበትም።

ሰባተኛ፤ ኬዝ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከመብራቱ በፊት ውስጡ ይቅደም። ፊቱ በመስተዋት የተዘጋ ኬዝ ያምራል፤ ነገር ግን አየር አያስገባም፤ አየር ያጣ ካርድም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፊቱ ወንፊት የሆነና አቧራ የሚይዝ ማጣሪያው ወጥቶ የሚታጠብ ኬዝ ለአገሩ በጋ ይስማማል። አንድ ማራገቢያ ከፊት አየር እንዲያስገባ፣ አንድም ከኋላ እንዲያስወጣ ይደረግ። ከመግዛቱም በፊት የካርዱ ርዝመትና የማዘርቦርዱ ስፋት ይለካ። ማይክሮ ኤቲኤክስ የተባለው ማዘርቦርድ እስከ 244 በ244 ሚሊሜትር፣ ኤቲኤክስ የተባለው ደግሞ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው።

ስምንተኛ፤ የገንዘብ አከፋፈል

ከላይ የተነገረው ሁሉ ወደ ሒሳብ ሲለወጥ፣ ስክሪንና ኪቦርድ ሳይጨመሩ፣ ከ100 ብር የሚከተለው አከፋፈል እንደ ምሳሌ ሊያገለግል ይችላል። ለግራፊክስ ካርድ 35 ብር፣ ለፕሮሰሰር 16፣ ለራም 14፣ ለማዘርቦርድ 12፣ ለኤስኤስዲ 10፣ ለፓወር ሰፕላይ 8፣ ለኬዝ 5። ገንዘቡ ካልበቃ ከኬዙና ከማዘርቦርዱ ጌጥ ይቀነስ፤ ቀጥሎም የፕሮሰሰሩ ደረጃ ዝቅ ይበል፤ ከፓወር ሰፕላዩ ግን አይነካ።

ዋጋ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። በ2025 መጨረሻ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከሎች በሚደረገው ግዢ ምክንያት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በብርቱ ጨምሯል፤ ስለዚህ የቀድሞ ዋጋ ለአዲስ ሒሳብ መሠረት ሊሆን አይገባም። በኢትዮጵያም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ነጋዴው በሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ቀኑንና ዋጋው የሚጸናበትን ጊዜ ቢጽፍ ከጭቅጭቅ ይድናል።

ዘጠነኛ፤ ሙከራና ደረሰኝ

የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ገዢው ባለበት ይፈተን። የሚወደው ጨዋታ ተከፍቶ ለግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ የፕሮሰሰሩና የካርዱ ሙቀት በወረቀት ይመዝገብ። በደረሰኙም ላይ «ኮምፒዩተር 1» ብቻ መጻፍ አይበቃም። የእያንዳንዱ ክፍል ሙሉ ስም፣ የሞዴል ቍጥርና መለያ ቍጥር፣ የዋስትናውም ዘመን ይጻፍ። ይህ ገዢውን ይጠብቃል፤ ነጋዴውንም ይጠብቃል፤ የተለወጠ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር በቍጥሩ ይታወቃልና።

አሁን ወደ አባትየው ጉዳይ መመለስ ይቻላል። ጠፍቶ የቀረውን ኮምፒዩተር ተሸክሞ ወደ ሁለተኛ ነጋዴ ሄደ። ይህ ነጋዴ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ሣጥኑን ከፈተ፤ ክፍሎቹንም አንድ በአንድ ፈተናቸው። ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ ተቃጥለዋል፤ ራሙ ዲዲአር 3 ስለ ሆነ ለአዲስ ማዘርቦርድ አይሆንም፤ ሳታ ኤስኤስዲውና ኬዙ ግን ደኅና ነበሩ። ከዚያም «ጋሼ፣ እነዚህን ሁለቱን እንደ ገና አይግዙ» አለውና የቀረው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ጠየቀው። ገንዘቡ ለሁሉም አልደረሰም። ስለዚህ ራይዘን 5 5600ጂ፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራምና በእውነት 550 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ሸጠለት። የኬዙንም የፊት መስተዋት አንሥቶ አየር እንዲገባ አደረገለት። ጨዋታው በመጠነኛ ጥራት፣ ሳይቆራረጥ፣ በአባትየው ፊት ተከፈተ።

ነጋዴው በዚያ ቀን የሸጠው ከመጀመሪያው ሻጭ ያነሰ ነው። የግራፊክስ ካርዱ ቦታ ባዶ ቀርቷል፤ በደረሰኙም ግርጌ ወደ ፊት የሚገባው የካርድ ዓይነትና የሚፈጀው ዋት ተጽፏል። ልጁ ያንን ወረቀት አስቀምጦታል። ካርዱን ለመግዛት ገንዘቡ በሞላ ጊዜ የትኛው ሱቅ እንደሚሄድ ለማሰብ አይቸገርም።